መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቶች የሚሰጠው ብድር

በአማርኛ «ተዋሰ» እና «ተበደረ» የሚሉት ግሦች ፍቺያቸው አንድ አይደለም። መጥረቢያ የተዋሰ ሰው ያንኑ መጥረቢያ ይመልሳል፤ እህል ወይም ገንዘብ የተበደረ ግን የወሰደውን አጥፍቶ በልኩ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ስለ ብድር ሲነሣ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ገንዘቡ በምን ላይ ዋለ የሚለው ነው።

አንድ ማዘጋጃ ቤት የውሃ መስመር ለመዘርጋት ወይም ትምህርት ቤት ለመሥራት ሲያስብ፥ ወጪው ከዓመት ግብሩ በላይ ይሆንበታል። ወጪውን ሁሉ በአንድ ዓመት ግብር ላይ ቢጭነው፥ ለሃምሳ ዓመት የሚያገለግለውን ሥራ የዚያ ዓመት ነዋሪዎች ብቻቸውን ይሸከሙታል። በብድር ሲሠራ ግን ወደፊት የሚጠቀመውም ትውልድ ድርሻውን ይከፍላል። ይሁን እንጂ አበዳሪዎች ከትንሽ ከተማ ይልቅ መንግሥትን ስለሚያምኑ፥ ከተማዋ በራሷ ስትበደር ብዙውን ጊዜ ወለዱ ይከብዳታል። መንግሥት በመካከል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ረገድ የብሪታንያ ልምድ ረጅም ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1793 ከፈረንሳይ ጋር በተነሣው ጦርነት ንግድ ሲናጋ፥ መንግሥት ለነጋዴዎች የሚያበድሩ ኮሚሽነሮችን ሾመ። በ1817 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሕዝብ ሥራዎችና ለድሆች ሥራ ማስገኛ የሚሆን ብድር ፈቀደ። ከዚህ የመነጨው የሕዝብ ሥራዎች የብድር ቦርድ በ2020 ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ቢዛወርም፥ ብድሩ አልተቋረጠም።

መንግሥት ራሱ በሚበደርበት ወለድ ላይ ጥቂት ጨምሮ፥ እስከ 50 ዓመት በሚደርስ ጊዜ ለሚከፈል ያበድራል። ዋስትናው የሚሠራው ሕንፃ ሳይሆን የማዘጋጃ ቤቱ ጠቅላላ ገቢ ነው። ስለሆነም አበዳሪው፥ ሥራው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ አጥብቆ አይመረምርም ነበር። ጉድለቱም እዚህ ላይ ነበር።

ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ዎኪንግ ወደ 100,000 ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ማዘጋጃ ቤቷ አብዛኛውን ከዚሁ ምንጭ ተበድሮ ሆቴል፥ የገበያ ማዕከልና ረጃጅም ፎቆች አሠራ። በ2023 አጋማሽ፥ ዕዳው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ ሳለ፥ ለዓመቱ መደበኛ ሥራ የነበረው ገንዘብ 16 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ ወጪውን መሸፈን እንደማይችልም በይፋ አስታወቀ። መንግሥት ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፥ በዋነኛነት ለትርፍ ሲል ንብረት ለሚገዛ ማዘጋጃ ቤት እንዳይበደር ደንብ አውጥቶ ነበር። የዎኪንግ ነዋሪዎች ግን በ2024 ለማዘጋጃ ቤታቸው የሚከፍሉት ግብር 10 በመቶ ገደማ ጨመረባቸው።