በአሜሪካ ከመኖሪያ ስፍራ ርቆ መውለድና የጤና መድን

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት በአገራችን ልማድ አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን በፀነሰች ጊዜ የመውለጃዋ ወራት ሲቃረብ ወደ እናት አባቷ ቤት ትሄዳለች። በዚያም እናቷ ታርሳታለች፤ ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጠይቃታል። ይህ መልካም ልማድ ባሕር ተሻግሮ ከወገኖቻችን ጋራ አሜሪካ ገብቷል። ስለዚህ በቨርጂኒያ የምትኖር ነፍሰ ጡር ሲያትል ከተማ ወደምትገኝ እናቷ ወይም ታላቅ እኅቷ ዘንድ ሄዳ ለመውለድ ብታስብ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፥ በቦርሳዋ የያዘችው የጤና መድን ካርድ በቨርጂኒያ ሙሉ ዋጋ እያለው በሲያትል ግን ከተራ ወረቀት ሊቈጠር መቻሉ ነው።

ይህ ነገር በዚያ የሚኖሩትን ብቻ ሳይሆን እዚህ ያለነውንም ይመለከታል። «እኔ ዘንድ መጥተሽ ውለጂ» ብሎ ምክር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነውና። ምክሩ ፍቅር ቢሆንም ሳያውቁ የሰጡት እንደ ሆነ ለዓመታት የማያልቅ ዕዳ ያስከትላል። ከዚህም የከፋው፥ ዕዳውን በመፍራት ሕክምናን ማዘግየት የእናቲቱንና የሕፃኑን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጡ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ይህ መድን የት ድረስ እንደሚሠራ፥ ከየት በኋላ እንደማይሠራ በዝርዝር እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት እንረዳ። በአሜሪካ ለሕዝብ ሁሉ በአንድነት የሚሠራ አንድ የመንግሥት የጤና መድን የለም። ከሠራተኛው የሚበዛው መድኑን በአሠሪው በኩል ያገኛል፤ ሌላው በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት በተቋቋመው የመድን ገበያ ይገዛል፤ ገቢው አነስተኛ የሆነው ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት በሚያስተዳድረው ሜዲኬይድ በተባለው ድጋፍ ይታከማል። ማንኛውም የመድን ድርጅት ከተወሰኑ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ጋራ አስቀድሞ የዋጋ ስምምነት ያደርጋል። እነዚህ በእንግሊዝኛ አጠራር «ኔትወርክ» የሚባሉት ሲሆኑ እኛ በዚህ ጽሑፍ የውል ሐኪሞችና የውል ሆስፒታሎች እንላቸዋለን። ከውል ውጭ የሆነ ሐኪም ከመድን ድርጅቱ ጋራ የዋጋ ስምምነት የለውምና የመሰለውን ሊያስከፍል ይችላል። እንግዲህ የችግሩ ሥር ይህ ነው።

የመድን ውሎችም በዚህ ረገድ በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ኤች ኤም ኦ የሚባለው ነው። ይህ ወርኀዊ ክፍያው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ሲሆን፥ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ከውል ሐኪሞች ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ምንም አይከፍልም፤ የውል ሐኪሞቹም በአብዛኛው በአንድ አካባቢ የተወሰኑ ናቸው። አባቶች «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዳሉት ያለ ነው። ሁለተኛው ፒ ፒ ኦ የሚባለው ነው። ይህኛው ከውል ውጭ ለሆነ ሐኪምም ከፊሉን ይከፍላል፤ አንዳንዱም በብዙ ግዛቶች የውል ሐኪሞች አሉት።

ከፊሉን ይከፍላል ማለት ግን ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ እንየው። ከውል ውጭ የሆነ አንድ ሆስፒታል ለማዋለጃ 20,000 ዶላር ጠየቀ እንበል። የመድን ድርጅቱ ደግሞ «ለዚህ ተገቢው ዋጋ 12,000 ዶላር ነው፤ ከዚህም 60 በመቶውን እከፍላለሁ» ቢል የሚከፍለው 7,200 ዶላር ብቻ ይሆናል። ቀሪው 12,800 ዶላር ወደ እናቲቱ ይመጣል ማለት ነው። «60 በመቶ ይከፈልልኛል» ብላ ያሰበችው ሴት ከግማሽ የሚበልጠውን ራሷ ከፈለች። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ቀዳሚ ክፍያ ሲጨመርበት ደግሞ ሸክሙ ከዚህም ይከብዳል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ነፍሰ ጡሯን ያለ ጠባቂ አልተዋትም። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ፥ ሜዲኬር ከሚባለው የመንግሥት መድን ክፍያ የሚቀበልና የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ፥ ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት መድን ይኑራት አይኑራት፥ ገንዘብ ይኑራት አይኑራት፥ መርምሮ አስፈላጊውን ርዳታ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ከቤቷ ርቃ ሳለች ምጥ የመጣባት፥ ደም የፈሰሳት፥ የሽርት ውሃዋ ያለ ጊዜው የፈሰሰ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ሴት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያው መሄድ አለባት እንጂ የውል ሆስፒታል ስትፈልግ ጊዜ ማጥፋት አይገባትም።

ክፍያውንም በሚመለከት ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የጸና ሌላ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት፥ ለድንገተኛ ሕክምና ከውል ውጭ ወደ ሆነ ሆስፒታል የሄደ ባለመድን የሚጠየቀው በውል ሆስፒታል ቢታከም ኖሮ የሚከፍለውን ያህል ድርሻ ብቻ ነው። የቀረውን ሆስፒታሉና የመድን ድርጅቱ እርስ በርሳቸው ይጨርሱታል። ለድንገተኛ ሕክምና አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትም አያስፈልግም። ድንገተኛ የሚባለውም የሕክምና ዕውቀት የሌለው አንድ አስተዋይ ሰው በዚያ ሰዓት ቢያየው «ሳይታከም ቢቈይ ከባድ ጉዳት ይደርሳል» ብሎ የሚፈርደው ሕመም ነው። ከዚህም በላይ ሆስፒታሉ የውል ሆኖ ሳለ የማደንዘዣ ሐኪሙ ወይም የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሙ ከውል ውጭ ሆኖ ቢገኝ፥ ሐኪሙ ተጨማሪ ሂሳብ መላክ አይችልም።

ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ይህ የፌዴራል ሕግ በአየር የሚያጓጉዙትን አምቡላንሶች ሲያካትት በመንገድ የሚሄዱትን አላካተተም። ሁለተኛ፥ አደጋው ካለፈ በኋላ ሆስፒታሉ የሕጉን ጥበቃ የሚያስተው ወረቀት ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህንንም ሳያነቡ መፈረም አይገባም። እንግሊዝኛ በደንብ ያልገባው ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ሦስተኛ፥ የአጭር ጊዜ መድን የሚባለው ለዚህ ሁሉ ሕግ የማይገዛ ሲሆን፥ ወሊድንም ጭራሽ ላይሸፍን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ይኸውም ሕጉ የሚጠብቀው ድንገተኛውን እንጂ የታሰበበትን አይደለም። አንዲት ሴት ለሦስት ቀን ዘመድ ጥየቃ ሄዳ በሰባተኛ ወሯ ያለ ጊዜዋ ምጥ ቢመጣባት ነገሩ ድንገተኛ ለመሆኑ ክርክር የለውም። ዘጠኝ ወሯን ልትፈጽም ጥቂት ሲቀራት ሻንጣዋን አሰናድታ ለመውለድ የሄደችው ግን እንደዚያ አትታይም። በተለይ አንዳንድ የኤች ኤም ኦ ውሎች ጊዜው የደረሰ ወሊድ ከአካባቢያቸው ውጭ የሆነ እንደ ሆነ እንደማይከፍሉ በጽሑፍ አስፍረዋል። ከ2014 ወዲህ ግለሰቦችና ትናንሽ ድርጅቶች የሚገዙት መድን ሁሉ የእርግዝናና የወሊድ ሕክምናን እንዲያጠቃልል በሕግ መታዘዙ እውነት ነው፤ ትእዛዙ ግን ወሊድ ይሸፈን እንጂ በየትም ስፍራ ይሸፈን አላለም።

በሜዲኬይድ ለምትታከመው ድንበሩ ከዚህም ይበልጥ ይታያል። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበትን የዋሽንግተንን አካባቢ ስንመለከት፥ ዋሽንግተን ከተማ፥ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እጅግ ተቀራርበው ሳለ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሜዲኬይድ አላቸው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ብትታከም ከግዛቷ ውጭ ታከመች ይባላል። ሕጉ በድንገተኛ ጊዜ፥ ወይም ወደ ግዛቷ መመለሱ ጤናዋን የሚጎዳ ሲሆን፥ ወይም የአንድ አካባቢ ሰዎች በልማድ የሚታከሙት በጎረቤት ግዛት ሲሆን ግዛቷ እንዲከፍልላት ያዛል። ከዚህ ውጭ ለታሰበበት ወሊድ አስቀድሞ ሳይጠይቁ መሄድ አያዋጣም።

ታዲያ ከቤቷ ርቃ ለመውለድ የቈረጠች ሴት ምን ማድረግ ይገባታል? የመጀመሪያው፥ ገና በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር በካርዱ ጀርባ ወደተጻፈው ስልክ ደውላ «በምሄድበት ከተማ የውል ሐኪምና የውል ሆስፒታል አለኝ ወይ? ጊዜው የደረሰ ወሊድ ከአካባቢዬ ውጭ ይሸፈናል ወይ?» ብላ መጠየቅ ነው። ሐኪሙንና ሆስፒታሉን ለየብቻ መጠየቅ ያሻል፤ አንዱ የውል ሆኖ ሌላው ላይሆን ይችላልና። ሁለተኛው፥ የተሰጣትን መልስ በጽሑፍ እንዲልኩላት ማሳሰብና ያነጋገራትን ሰው ስምና ቀኑን መመዝገብ ነው። ሦስተኛው፥ በዚያ የሚቀበላትን ሐኪም አስቀድሞ መያዝ ነው፤ እርግዝናቸው የገፋ ሴቶችን በአዲስነት ለመቀበል የሚያመነቱ ሐኪሞች ብዙዎች ናቸውና። አራተኛው፥ የክትትሏን መዝገብ ግልባጭ ከእጇ አለመለየት ነው። አምስተኛውም፥ ጉዞውን ጊዜው ሳያልፍ ማድረግ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡርን አያሳፍሩምና።

ጠቅልላ ወደ ሌላ ግዛት የምትዛወረው ሴት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። መድን የነበራት ሴት መኖሪያዋን ስትለውጥ፥ በተዛወረችበት ግዛት በመድን ገበያው አዲስ መድን ለመምረጥ 60 ቀን ይሰጣታል። ስለዚህ ጥየቃ ነው ወይስ ዝውውር የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል።

ከወለደች በኋላም የማይረሳ ነገር አለ። በ1996 የወጣ ሕግ፥ ወሊድን የሚሸፍን መድን እናቲቱን ቢያንስ ለ48 ሰዓት፥ በቀዶ ሕክምና የወለደች እንደ ሆነም ለ96 ሰዓት በሆስፒታል እንድትቈይ እንዳይከለክል ያዛል። ሕፃኑንም በአሠሪ በኩል በተገኘ መድን ውስጥ ለማስመዝገብ ቢያንስ 30 ቀን፥ በመድን ገበያው ደግሞ 60 ቀን ተፈቅዷል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተመዘገበ ሽፋኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። በእናቱ ካርድ ተሸፍኗል ብለው ዝም ያሉ ወላጆች ቀኑ ካለፈ በኋላ የሕፃኑን ሂሳብ ከኪሳቸው ለመክፈል ይገደዳሉ።

ክፍያ የተከለከለም ሰው ተስፋ አይቍረጥ። በአሠሪ በኩል በተገኘውና በመድን ገበያው በተገዛው መድን፥ ውሳኔው ከተነገረው ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ድርጅቱ ውሳኔውን ያጸና እንደ ሆነ፥ ጥያቄው የሕክምናውን አስፈላጊነት ወይም ድንገተኛነት የሚመለከት ከሆነ፥ ጉዳዩ በገለልተኛ ወገን እንዲታይ መጠየቅ መብት ነው። ቀደም ብለን የተናገርንለት የተመዘገበ ስምና ቀን፥ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፥ በዚያ አገር የሚኖሩ ልጆቻችሁንና እኅቶቻችሁን በስልክ ስታነጋግሩ «እናትሽ ዘንድ ሂጂ» ከማለታችሁ በፊት «መድንሽ በዚያ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምጥ ከመጣ ግን የካርዱ ነገር ይቈየን፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይቀድማል። የቀረውን ሁሉ አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፥ ጊዜ ሳለ በመጠየቅ ማሰናዳት ይቻላል።