ስለ ሴቶች የመጀመሪያ የማሕፀን ምርመራ፤ ኀፍረት ከሐኪም ደጅ እንዳይመልስ

ሰው የሚፈራው ያየውን ብቻ አይደለም፤ ያላየውንም ይፈራል፤ እንዲያውም ያላየው ነገር በሐሳቡ ውስጥ እያደገ ስለሚሄድ ካየው ይልቅ ያስጨንቀዋል። ፍርሃትም ከኀፍረት ጋራ በአንድ ቤት የገባ እንደ ሆነ የቤቱ ሰው አፉን ይዘጋል፤ አፍ ሲዘጋ ደግሞ በሽታ በጓዳ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለታቸው ይህን አይተው ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናነሣው ነገር ለመናገር የሚከብድ ይመስላል፤ ይኸውም አንዲት ሴት ስለ ማሕፀኗ ጤና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምርመራ ስትቀርብ ስለሚይዛት ፍርሃትና ያንኑ ፍርሃት ስለሚያቀልላት ነገር ነው። «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ካህናቱንና ሹማምንቱን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ይታገሠን ዘንድ እንለምነዋለን።

ከሃያ ዓመት በፊት የሆነውን አንድ ነገር ልናገር። አክስቴ ዕድሜያቸው ስድሳ ሊሞላ የቀረበ፥ ልማደ አንስት ከቀረላቸውም ብዙ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከሰው ለየት አድርገው ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፥ «ልጄ፥ አንተ መጽሐፍ ተምረሃልና አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሴት ገላዋን ለሐኪም ብታሳይ ኃጢአት ይሆንባታልን?» አሉኝ። እኔም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኝ አፈርሁ፤ «እትዬ፥ ይህንስ የንስሓ አባትዎን ይጠይቁ» ብዬ ዐይኔን ወደ መሬት መለስሁ። እርሳቸውም ዳግመኛ አልጠየቁኝም። የንስሓ አባታቸውንም ለመጠየቅ አፍረው እንደ ነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ይፈሳቸው የነበረውን ደም ዓመት ከመንፈቅ ሸሽገው ከኖሩ በኋላ በሰው ትከሻ ተደግፈው ሆስፒታል ገቡ፤ ሐኪሙም በሽታው የማሕፀን በር ነቀርሳ መሆኑንና ጊዜው ማለፉን ነገረን። ከጥቂት ወራትም በኋላ ዐረፉ። የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ «አይሆንባትም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ያችን ቃል ስላልተናገርሁ በየዓመቱ መታሰቢያቸው ሲደርስ ዝምታዬ ትከስሰኛለች።

የማሕፀን በር ነቀርሳ፥ በዛሬው አነጋገር ካንሰር የሚባለው፥ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ 2ኛ ነው። መነሻውም ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ የተባለ ረቂቅ ተሐዋሲ መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ ታውቆአል። ይህ ተሐዋሲ በግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን እጅግ የተለመደ ነው፤ ባል ያገቡ ብዙ ሴቶች ሳያውቁት ያገኛቸውና በገዛ ሰውነታቸው ኃይል ይለቃቸዋል። ስለዚህ በአንዲት ሴት ላይ ቢገኝ የነውር ምስክር አይደለም። በማይለቃት ሴት ላይ ግን ሳይታይና ሳያሳምም ከ15 እስከ 20 ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል፤ በኤች አይ ቪ ምክንያት ሰውነቷ በደከመና ሕክምና ባላገኘች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። እንግዲህ እግዚአብሔር ለሰው ልጅ የሰጠው ጊዜ ረጅም ነው፤ ይህን ጊዜ የምናባክነው እኛው ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ከ100 ልጃገረዶች 90ው 15 ዓመት ሳይሞላቸው ክትባቱን እንዲያገኙ፥ ከ100 ሴቶች 70ው በ35 ዓመታቸው ዳግመኛም በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፥ በሽታው ከተገኘባቸውም 100 ሴቶች 90ው እንዲታከሙ አሳስቦአል። በአገራችንም ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሮአል። ነገር ግን ክትባቱ ለልጆቻችን ነው፤ ለእናቶቻቸው የቀረላቸው ምርመራው ነው። ምርመራውም ሴቲቱ ካልመጣች ሊደረግ አይችልም። ሴቲቱን ደግሞ ከሚያስቀሯት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ርቀት ሲሆን፥ ሌላው በዚያ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን አለማወቋ ነው። ስለዚህ የሚደረገውን በግልጽ እንናገር።

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የገባች ሴት በመጀመሪያ የሚገጥማት ጥያቄ ነው። ዕድሜዋን፥ የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን፥ ስንት ጊዜ እንዳረገዘችና እንደ ወለደች፥ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ፥ የሚያማትም ስፍራ የት እንደ ሆነ ትጠየቃለች። አንዳንዱ ጥያቄ የጓዳ ምስጢር የሚነካ ነው፤ ሐኪሙ ግን የሰማውን ለሌላ ሰው እንዳያወራ የሙያው ሕግ ያስረዋል። ከዚያም ክብደቷና የደም ግፊቷ ይለካል። በኋላ ለብቻዋ ሆና ከወገቧ በታች ያለውን ልብስ ታወልቃለች፤ አንሶላም ይሰጣትና ትሸፈናለች። በምርመራው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ እግሮቿን ለየት ታደርጋለች። መርማሪዋ ጓንት አጥልቃ በመጀመሪያ ከውጭ ትመለከታለች፤ ቀጥላም ስፔኩለም የተባለውን፥ የዳክዬ አፍ የሚመስለውን የብረት ወይም የፕላስቲክ መሣሪያ በቀስታ አግብታ የማሕፀኑን በር ታያለች። መሣሪያው ስለት የለውም፤ አይቈርጥምም። ካስፈለገ ደግሞ በሁለት ጣትዋ ከውስጥ፥ በሌላው እጅዋ ከሆድ በላይ ሆና የማሕፀኑን መጠን ትዳስሳለች።

ነቀርሳው ሳይጀምር ምልክቱን ለማግኘት በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። እንደ ሆምጣጤ ያለ ቀጭን ፈሳሽ በጥጥ ተነክሮ የማሕፀኑ በር ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ የተለወጠ ሥጋ ያለበት ስፍራ ነጣ ብሎ ይታያል። በሌላው ዐይነት ምርመራ ተሐዋሲው መኖሩን ለማወቅ በትንሽ ብሩሽ ናሙና ይወሰዳል፤ ይህንንም ናሙና ሴቲቱ ራስዋ በመጋረጃ ውስጥ ልትወስድ ትችላለች። ነጣ ያለ ምልክት ቢገኝ ነቀርሳ ይዞአታል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በብርድ ወይም በሙቀት ኃይል ያን ስፍራ አክመው በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ይሰድዷታል። የምርመራው ሥራ በሙሉ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። የመጫንና የመወጠር ስሜት ይኖራል፤ ብርቱ ሕመም ከተሰማት ግን ሴቲቱ ወዲያው መናገር ይገባታል።

እንግዲህ ለዚህ የምትዘጋጅ ሴት ልታደርገው የሚገባት ነገር ጥቂት ነው። የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ጽፋ ትያዝ። ደም በሚፈስሳት ሰሞን ባይሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን ሕመሟ ራሱ ደም መፍሰስ ከሆነ ቀን አትጠብቅ። ከሁለት ቀን አስቀድማ ውስጧን በውኃም ሆነ በመድኃኒት አትጠብ፤ ከውጭ እንደ ወትሮው መታጠብ ይበቃታል። ለመግለጥ የሚመች ሰፊ ቀሚስ ትልበስ። ከመግባቷ በፊት ሽንቷን ትሽና፤ ፊኛ ሲሞላ ምርመራው ያስጨንቃልና። የምትጠይቀውን ነገር በቤቷ አስባ ትምጣ። እናቷን፥ እህቷን ወይም የምታምናትን ጎረቤት ይዛ ብትሄድ ልቧ ይረጋጋል። በአልጋው ላይ ሳለች ትንፋሿን በቀስታ እየሳበች በቀስታ ታውጣ፤ ወገቧን አልጋው ላይ ጥላ ጭኗን ታላላ፤ ሰውነት በፍርሃት ሲኮማተር ሕመም ይበዛል፤ ሲላላ ግን ይቀንሳል።

ከሁሉ ይልቅ አንዲት ሴት የምታውቀው ሊሆን የሚገባው፥ በዚያ ክፍል ውስጥ ባለቤቲቱ እርስዋ መሆንዋን ነው። ሴት መርማሪ እፈልጋለሁ ማለት ትችላለች፤ መርማሪው ወንድ ቢሆን ሌላ ሴት በክፍሉ እንድትቆም መጠየቅ ትችላለች፤ መሣሪያውን አስቀድማ ልታየው ትችላለች፤ በመካከሉም «ቆይ» ወይም «ይብቃኝ» ብትል ሊታዘዙላት ግድ ነው። ይህን መለመኗ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

ስለ ልጃገረዶችም አንድ ቃል እንጨምር። ባል ያላወቀች ልጅ ሆዷን ታምማ ወይም 15 ዓመት ሞልቶአት የወር አበባዋ ሳይመጣ ቀርቶ ወደ ሐኪም ብትሄድ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረግላት ጥያቄና ከሆድ በላይ የሚታይ ምርመራ ነው፤ መሣሪያ የሚገባው ለብርቱ ችግር ካልሆነ በቀር አይደለም። ድንግል መሆንዋን አስቀድማ ለመርማሪዋ ትናገር። ከዚህም ጋራ፥ ድንግልናን ለማረጋገጥ ብለው ሴት ልጃቸውን ለምርመራ የሚያቀርቡ ወላጆች እንዲህ ያለውን ነገር የሚያረጋግጥ የሕክምና ምርመራ በዓለም እንደሌለ ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ይህ ልማድ ይቀር ዘንድ ጠይቆአል።

አሁን ወደ ካህናት አባቶቻችን እንመለስ። ወንጌል 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት ስለ ኖረች ሴት ይነግረናል። ያች ሴት በሕዝቡ መካከል ሹልክ ብላ ከኋላ መምጣቷ ስለ ምን ነበር? አፍራና ፈርታ አይደለምን? ጌታችን ግን እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ በነገረችው ጊዜ አላሳፈራትም፤ ልጄ ብሎ ጠርቶ በሰላም አሰናበታት እንጂ። በዚያ ዘመን የነበሩ ባለ መድኃኒቶች እንዳልረዷት መጽሐፉ አልሸሸገም፤ ቢሆንም ቅሉ ወንጌሉን ከጻፉት አንዱ ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። የአንዲት ባልቴት ምስጢር ለባሏ ሳይነገር ለንስሓ አባቷ ይነገራል። እንግዲህ የንስሓ አባት «ልጄ ሆይ፥ ለመዳን ሲባል ለሐኪም መታየት ኃጢአት አይደለም፤ ሂጂና ታዪ» ቢላት፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያች አንዲት ቃል ነፍስ ታድናለች። ሴቲቱ እስክትጠይቅ መጠበቅም አይገባም፤ አክስቴ ሳይጠይቁ ሞተዋልና።

ለሹማምንቱም የምንለው አለን። የምርመራው ክፍል የሚዘጋ በር፥ ቢያንስ መጋረጃ ይኑረው፤ በምርመራ ጊዜ ሰው እየወጣና እየገባ የሚያልፍበት ክፍል ሴቲቱን ዳግመኛ እንዳትመጣ ያደርጋታል። አዋላጅና ነርስ መሣሪያውን ከማንሣታቸው በፊት የሚያደርጉትን እንዲናገሩ ይታዘዙ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሴት ሠራተኞች፥ ጽዳት የሚሠሩትም ሳይቀሩ፥ ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ቀን ሲጠይቁ ምክንያቱን በሰው ፊት ሳይመረመሩ ይሰጣቸው። የአስታማሚነትንም ሙያ የሚንቅ ቢኖር፥ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የንጉሥ ልጅ ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ ሙያ መማራቸውን ያስታውስ። እርሳቸውም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ያረፉት ከእርግዝና በመጣ ችግር ነበር፤ ይህ መከራ ቤተ መንግሥትንና ጎጆን አይለይም።

በመጨረሻ የአክስቴን ልጅ ነገር ተናግሬ አበቃለሁ። ባለፈው ዓመት 40 ዓመት ሊሞላት ሲል ወደ እኔ መጥታ፥ «ጋሼ፥ ለምርመራ ሂጂ ብለውኛል፤ ግን እፈራለሁ» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ዐይኔን ወደ መሬት አልመለስሁም። ከዚህ በላይ የጻፍሁትን አንድ በአንድ ነገርኋት፤ ባለቤቴም አብራት ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ በማሕፀኗ በር ላይ ትንሽ ነጭ ምልክት ተገኝቶ በዚያው ቀን ታክሞላታል። ቡና እየተፈላ ሳለ፥ «ጋሼ፥ የፈራሁት ከሆነው ይልቅ ብዙ ነበር፤ እማዬም ይህን የሚነግራቸው ቢያገኙ ኖሮ» አለችና ዝም አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ለዚህ ዐምድ አንባቢዎች ግን መልስ የሚሰጡበት ጊዜ ገና አለ፤ በየቤታቸው የሚጠብቃቸው ጥያቄ ሳይጠየቅ እንዳይቀር አስቀድመው ይናገሩ።