ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለበት ዘመን የፈጠራ ችሎታን ስለ ማስተማር

መግቢያ

ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ጥቂት ቃላት ጽፎ ግጥም፣ ድርሰት ወይም ሥዕል ማግኘት ለብዙዎች የሚቻል ሆኗል። በዚህም ምክንያት በመምህራንና በትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ፊት ሁለት ጥያቄዎች ቀርበዋል። አንደኛው፣ ተማሪው ያስረከበው ሥራ የራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ይህን ሁሉ ከሠራ የሥነ ጥበብ ትምህርት ለምን ያስፈልጋል? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ለሁለቱም ጥያቄዎች የሚበጅ ትምህርት በአገራችን የቆየ ልምድ ውስጥ እንደሚገኝ ማስረዳት ነው።

፩. የመሣሪያው አሠራር

የጽሑፍ መሣሪያው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በስሌት ይገምታል። የሥዕል መሣሪያውም መግለጫ የተጻፈላቸውን እጅግ ብዙ ምስሎች መሠረት አድርጎ፣ ትርጉም ከሌለው የነጠብጣብ ክምችት ይነሣና ደረጃ በደረጃ እያጠራ ወደ ተጠየቀው ምስል ይደርሳል። ውጤቱ ቀድሞ ያልነበረ ሊሆን ስለሚችል፣ «ይገለብጣል» ብቻ ብሎ ማቃለል ትክክል አይደለም።

ሆኖም ውጤቱ በብዛት ወደተለመደው ያዘነብላል። ለምሳሌ እንጨት የተሸከመች ሴት እንዲሥል ቢጠየቅ፣ ከብዙ ምስሎች የተውጣጣ አንድ የተለመደ መልክ ይሰጣል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ዘወትር የሚያይ የየካ ልጅ ግን፣ ሸክሙ ወገብን እንዴት እንደሚያጎብጥና ዓይን ከመንገዱ ላይ ለምን እንደማይነሣ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ወደ ወረቀት ማምጣት የሚማረው ራሱ ሲሥል ነው።

፪. የሽሮ ሜዳ ሸማኔ

ማሽን የሰውን የፈጠራ ሥራ ሲተካ ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከየካ ክፍለ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው የሽሮ ሜዳ ገበያ አካባቢ፣ ከጋሞ ምድር በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ ይቀመጥና፣ የድሩን ክር በጣቱ እየቈጠረና እያነሣ ባለ ቀለሙን ማግ ያሳልፋል። ከዚህ የሚወጣው ጌጥ ስሙ «ጥበብ» ነው፤ ቋንቋችን ለዕውቀትና ለሸማ ጌጥ አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ በዚያው ገበያ፣ የጥበቡ መልክ በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን በርካሽ ይሸጣል። መልኩን ብቻ የሚያይ ገዢ ርካሹን ቢመርጥ አያስደንቅም፤ ጉዳቱ ግን በሸማኔው ኑሮ ላይ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ፣ የታተመው ጨርቅ የሚከተለው አስቀድሞ በሸማኔ እጅ የተገኘውን መልክ ነው። ሸማኔው መቀመጫውን ትቶ ከተነሣ፣ ፋብሪካው የሚከተለው አዲስ መልክ ከየት ይመጣል? ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የተገነባው ሰዎች በጻፉትና በሣሉት ላይ ስለሆነ፣ ይኸው ጥያቄ ይመለከተዋል።

፫. የቅኔ ቤት ልምድ

የመጀመሪያውን ጥያቄ በተመለከተ ቅኔ ቤት ግልጽ ሥርዓት አለው። ደቀ መዝሙሩ ከሁለት ቤት ብቻ ከሚቆመው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ እንደ አዲስ አይደገምም።

እዚህ ላይ፣ ደቀ መዝሙሩም የመምህሩን ነገራ ሰምቶ ከዚያ የሚነሣ ከሆነ ከመሣሪያው በምን ይለያል? የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ልዩነቱ በኀላፊነት ላይ ነው። በእንጦጦ ማርያም ወይም በየካ ሚካኤል በዓል የሚቀርብ ቅኔ ለዚያ ዕለት የተቈጠረ ነው፤ ባለቤቱም ሰሙ የቱ እንደሆነ፣ ወርቁም የቱ እንደሆነ ቢጠየቅ በሚያውቁት ፊት መልስ መስጠት አለበት። መሣሪያው ስለ ሥራው በማንም ፊት አይቆምም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሰውን መሆኑም ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ይስማማል።

፬. በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል

ሀ) ሥራው በክፍል ውስጥ ይጀመር። የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ስርዙና ድልዙ ሳይቀር፣ ከተጠናቀቀው ሥራ ጋር ተያይዞ ነጥብ ይሰጠው።

ለ) ሥራው አጭር ይሁን። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ቀን መስማት አይቻልም፤ ነገር ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ 10 ተማሪዎች ሁለት ሁለት ስንኝ ቢያሰሙ፣ በ6 ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳሉ።

ሐ) ተማሪው ያንን ቃል ወይም ያንን ቀለም ለምን እንደ መረጠ በቃሉ ያስረዳ።

መ) መሣሪያው ራሱ የትምህርት ርእስ ይሁን። መምህሩ ሰምና ወርቅ ያለው የአማርኛ ግጥም ከመሣሪያው ጠይቆ ያምጣና፣ ወርቁ መኖር አለመኖሩን ተማሪዎቹ ፈልገው ያሳዩ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ጊዜ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የክዋኔና የእይታ ጥበባትን ክፍለ ጊዜ እንደ ትርፍ ቈጥረው ለሌላ ትምህርት ከመስጠት ቢቆጠቡ፣ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የሚሠለጥኑ መምህራንም የተማሪን ሥራ በቃል ሰምቶ ማረምን ቢለማመዱ መልካም ነው። የመሣሪያው ስም «አስተውሎት» ከሚለው ቃል ተወስዷል። ማስተዋል ግን ነገሩን ቀርቦ አይቶ በልብ መያዝ ነው፤ ይህንንም ተማሪው በሌላ እጅ ሊማረው አይችልም።