በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚመዘን መጽሐፍ

ከጦሳ ተራራ ሥር ከተቀመጠችው ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ርቀት ውስጥ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ እስከ 1,900 ሜትር ገደማ ዝቅ የሚል ስለ ሆነ፣ በተለይም በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ የመኪናው ፍሬን፣ የሾፌሩ ትዕግሥትና የክረምቱ ጉም በአንድነት የሚፈተኑበት መንገድ ነው። ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል መጥቶ ወደ ደጋው የሚወጣው ተሳቢ፣ አሸዋ የጫነው ሲኖትራክና ሰው ያጨቀው ሚኒባስ በዚሁ አንድ መንገድ ይተላለፋሉ። አደጋ በደረሰ ጊዜም ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚደርሰው መንገደኛው፣ የመኪናው ረዳት፣ ከብት ጠባቂውና ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ወጣት ነው። እነዚህም የወደቀውን ሰው በክንዱና በእግሩ አንሥተው፣ አንገቱ እንደ ተንጠለጠለ፣ ካገኙት መኪና ላይ ይጭኑታል፤ ይህን የሚያደርጉት ከርኅራኄ የተነሣ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ያልተማረ ርኅራኄ፣ ጥቂት ተሰንጥቆ የነበረውን አከርካሪ ፈጽሞ ሊሰብረው ይችላል።

እንግዲህ ይህ ወጣት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የድንገተኛ ሕክምና ርዳታ ይማር ከተባለ፣ የሚማርበት መጽሐፍ በምን ሚዛን ይመዘን? ጥያቄው ለመምህራንና ለመጽሐፍ አሳታሚዎች ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ጉዳይ ነው እላለሁ።

የድንገተኛ ርዳታ ነገር ለደሴ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወሰን ሊጥስ በተሰናዳበት ወራት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ አምስት ወር ሳይሞላውም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሰፍረው ሳሉ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ፣ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ምልክት የነበረባቸው ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ፤ በስፍራው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችም በፊርማቸው ለዓለም አቤት አሉ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ፣ ሐኪም ለአገሩ ባልበቃበት ዘመን፣ ጥቂት ክፍል የተማሩ ወጣቶች በየሆስፒታሉ እየሠለጠኑ ‹ድሬሰር› በሚል ስም ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይላኩ ነበር። መጽሐፋቸው አብዛኛውን ጊዜ የአስተማሪያቸው እጅ ነበር፤ ያዩትን ደገሙ፣ የደገሙትን ለመዱ፤ ባላገሩም ሁሉንም ሳይለይ ‹ሐኪም› ብሎ አከበራቸው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ከተሸከሟቸው 16 የጤና ፓኬጆችም አንዱ የመጀመሪያ ርዳታ ነበር። ወጣትነትና የድንገተኛ ርዳታ በአገራችን በሕግና በሥርዐት የተገናኙት፣ እኔ እንደማየው፣ በእነዚህ ልጆች ነው። ቆይቶም ትምህርታቸውን ለማሻሻል፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከብሪታንያው ክፍት ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆኖ 13 ሞጁሎች ሲያዘጋጅ፣ አንደኛው ሞጁል ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን፣ የድንገተኛ ሕክምናንና የአእምሮ ጤናን በአንድነት ያዘ። ጸሐፊዎቹ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ስለ ነበሩ ገጠሩን ያውቁታል፤ ይህም ታላቅ ብልጫው ነው። ነገር ግን የስኳር በሽታ፣ የደም መፍሰስና የኅሊና ሁከት በአንድ ጥራዝ ሲታጨቁ፣ ድንገተኛው ሕክምና በሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ በጠባብ ማዕዘን ተቀምጧል።

በአዲስ አበባ የነገሩ ፍጥነት ከዚህ ይልቅ ጎልቶ ታይቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በ2000 ዓ.ም. ጠብታ አምቡላንስን አቋቋሙ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ። በመጨረሻም፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሙያ መስኮችን ሲያስገባ፣ ጤና ከነዚያ መስኮች አንዱ በመሆኑ፣ የመጽሐፉ ጥያቄ ወደ ትምህርት ቤቱ ደጅ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በባሕር ማዶው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ነውርም የለበትም። በአሜሪካ አገር በ1966 እ.ኤ.አ. የሳይንስ አካዳሚው በአደጋ የሚሞተውን ሕዝብ ብዛት ገልጦ፣ ይህ ቸል የተባለ በሽታ ነው ብሎ ከመሰከረ በኋላ፣ የአጥንት ሐኪሞች አካዳሚ በ1971 እ.ኤ.አ. ለአምቡላንስ ሠራተኞች አንድ መማሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ ይህም በሽፋኑ ቀለም ብርቱካናማው መጽሐፍ እየተባለ፣ በየጊዜው እየታደሰ እስከ ዛሬ ይታተማል፤ በዚያ አገር የሙያ ትምህርት በሚሰጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ልጆች ይማሩበታል። ሥዕሉ የጠራ፣ ሐተታው የተሟላ፣ ትእዛዙ የተጣራ ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው፣ አምቡላንሱ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚደርስ፣ ኦክስጅን በውስጡ እንዳለ፣ ሐኪሙም በሬዲዮ እንደሚሰማ አድርጎ ይጽፋል። በሐረጎ ላይ ወደ አምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 የደወለ ሰው ስልኩ ቢነሣለት እንኳ፣ አምቡላንሱ ወላድ ለማምጣት ወደ ሩቅ ወረዳ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉን በእጁ የያዘ መርማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ አምቡላንሱ የማይመጣ ቢሆን ይህ ምዕራፍ ምን ያዝዛል የሚለውን ነው። መልሱን ካጣ፣ የወረቀቱ ጥራት ሊያታልለው አይገባም።

የሕጉ ምዕራፍም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካው መጽሐፍ ስለ ፈቃድና ስለ ክስ ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ በዚያ አገር ብዙው ሕግ በቅንነት የረዳውን ሰው ከክስ የሚጠብቅ ነውና። የእኛ ሕግ ግን፣ በ1949 ዓ.ም. የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ካረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ጀምሮ፣ ሌላ መንገድ ይዟል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በብርቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ ራሱን ሳያሰጋ መርዳት ሲቻለው ትቶት የሄደውን ይቀጣል። የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ፣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። የኮምቦልቻ ተማሪ የባዕድ አገር የፍርድ ቤት ታሪክ ሸምድዶ እነዚህን ሁለቱን ሳያውቅ ቢመረቅ፣ ጥፋቱ የልጁ አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመኑ ጉዳይ ነው፤ መጽሐፍ በዚህ ሙያ ቶሎ ያረጃልና። የደም ማቆሚያ ጥብቅ ማሰሪያን፣ ባለሙያዎቹ ቱርኒኬት የሚሉትን፣ እንመልከት፦ የቀደሙት መጻሕፍት እግርን ያስቆርጣል በሚል ፍርሃት፣ ሌላው ሁሉ ካልሆነ ብቻ የሚደረግ የመጨረሻ መሣሪያ ነው ይሉ ነበር፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት የተገኘው ማስረጃ ግን፣ ከእጅ ወይም ከእግር ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ የሚፈስ ደም ሲኖር ሳይዘገዩ ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ ነፍስ እንደሚያድን አሳየ። ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ገብቶ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈበት ወራት፣ ደም ማቆም የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነበር። እንዲሁም ልቡ የቆመን ሰው በተመለከተ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልብ ማኅበር ቅደም ተከተሉን ለውጦ፣ ለአዋቂ ሰው አስቀድሞ ደረትን መጫን እንዲጀመር አዘዘ፤ አሁን የሚታዘዘውም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። ከዚያ ለውጥ በፊት የታተመ መጽሐፍ ትንፋሽን ያስቀድማል። መርማሪው እነዚህን ሁለት ገጾች ገልጦ ካየ፣ የቀረውን ሳያነብ ስለ መጽሐፉ ዕድሜ ብያኔ መስጠት ይቻለዋል።

የቃጠሎን ምዕራፍ የገለጠ ደግሞ ስለ አገሩ ያውቃል። የምጣድ እሳትና የፈላ ውኃ በየቤቱ ሕፃናትን ያቃጥላሉ፤ ቤተሰቡም ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል። የውጭው መጽሐፍ ቃጠሎውን ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ ይላል፤ እውነትም ነው። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ የሚቀዳበት ቤትስ? ያንኑ ውኃ በቀስታ እያፈሰሱ፣ ከሥር በሳፋ ተቀብሎ ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ መልሶ ማፍሰስ እንደሚቻል በአንድ መስመር ቢጻፍ ምን ይጎዳል? በቃሉና በባቲ ቆላ እባብ የነደፈውን ሰው በምላጭ መብጣትና አጥብቆ ማሰር እንደማይገባም፣ እንዲሁ በግልጥ መነገር አለበት።

ከሁሉ ይልቅ መጻሕፍቱ ዝም የሚሉበት ግን ወጌሻው ነው። በወሎ ምድር ክንዱ የተሰበረ ልጅ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም፤ ከወጌሾችም እጃቸው የተባረከ፣ ውልቃትን በማስተዋል የሚመልሱ እንዳሉ እኔም አልክድም። ነገር ግን ስብራት ባበጠ ቍጥር ማሰሪያው እየጠበቀ፣ የቀርከሃው ስንጥር ደም ዝውውሩን እየዘጋ፣ ሕፃኑ ሆስፒታል ሲደርስ ጣቶቹ ጠቁረው እጁ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ፣ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። መጽሐፉ ወጌሻውን ቢረግም ልጁ አይሰማውም፤ አያቱ በወጌሻ ድኗልና። ዝም ቢል ደግሞ ለሌላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ነው። የሚገባው፣ የታሠረ እጅ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሲያንቀሳቅሱት ሕመሙ ከበረታ፣ ማን እንዳሠረው ሳይጠየቅ ወዲያው ይፈታና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ ብሎ ማስተማር ነው። ይህን የተማረ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የታናሽ እኅቱን ጣት ሌሊት ተነሥቶ ቢዳስስ፣ አንድ መቶ ገጽ የአጥንት ስም ከሸመደደው ይልቅ ተምሯል።

ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራ ምሳሌ የለም እንዳይባል፣ የቤልጅግ ፍላንደርስ ቀይ መስቀል በ2011 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ባለሙያዎች ጋር መክሮ፣ እያንዳንዱን ምክር በማስረጃ መዝኖ፣ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች የመጀመሪያ ርዳታ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። ይህ ሥራ፣ ትእዛዙ በሰው እጅ የሚገኘውን ነጠላ፣ እንጨትና ጀሪካን አስቦ ሊጻፍ እንደሚችል ያሳያል። የቀረው ልምምዱ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ፣ ልጁ በአደጋው ስፍራ ሕዝቡን ‹ወደ ኋላ በሉ፣ አንገቱን አትንኩ፣ በሦስት ስል እናዙረው› ብሎ የሚያዝዘው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ እነዚህን የትእዛዝ ቃላት ከነልምምዳቸው ካልያዘ፣ ተማሪው ፈተናውን አልፎ በመንገድ ላይ አንደበቱ ይታሰራል። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩት የመምህር አካለ ወልድ ተማሪዎች፣ ትምህርታቸው ይመዘን የነበረው በመምህሩ ፊት ቆመው ሲያወጡት እንጂ ብራናውን በመያዛቸው አልነበረም።

ስለዚህ ምዘናው በጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ እንዳይቀር እመክራለሁ። የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መምህራን፣ የደሴ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርሶች፣ የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ሾፌሮችና፣ ቢፈቅዱ፣ አንድ አስተዋይ ወጌሻ ይቀመጡ፤ ለምርጫ ከቀረቡት መጻሕፍት አንድ አንድ ምዕራፍ ለሆጤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይሰጥ፤ ከሳምንት በኋላም መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ተማሪዎቹ በሜዳ ላይ የተጋደመውን ጓደኛቸውን ሲያነሡ ነርሷ ትመልከት። ብዙ ልጆች የተሳሳቱበት ትእዛዝ፣ ስሕተቱ የጸሐፊው ነው ተብሎ ይታረም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ከአሳታሚው ጋር የግድ መነጋገር ያሻል። የዓለም የልብና የትንፋሽ ማዳን መመሪያ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ከአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት በፊት የነበሩት የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍታችን ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጡ አገልግለዋል። ይህን መጽሐፍ በአንድ ወፍራም ጥራዝ ከማሳተም ይልቅ፣ በየክፍሉ በቀጫጭን መድበሎች ከፋፍሎ፣ ደም ማቆምንና ልብን መጫንን የያዘው ክፍል ብቻ በየአምስት ዓመቱ እንዲተካ ማድረግ ለመንግሥት ካዝና የሚከብድ አይመስለኝም፤ የአጥንቱንና የሥጋውን ሥዕል የያዘው መድበልም ለታናናሾቹ ሊተላለፍ ይችላል።