የካኔ ውጊያ በጠረጴዛ ላይ፦ ሁለቱንም ጦር የሚመራ አንድ ተጫዋች

የጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ በካርታ ላይ የተሰለፉ ትናንሽ ምስሎችን ወይም የካርቶን ቁርጥራጮችን በደንብ እያንቀሳቀሱ አንድን ውጊያ ዳግም የሚሞክሩበት ጨዋታ ነው። መነሻው መዝናኛ አልነበረም፤ የፕሩሲያ ጦር ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኮንኖቹን አሠልጥኖበታል። ዛሬ ብቻቸውን የሚጫወቱትም አሉ። የሁለቱም ጦር አዛዥ አንድ ሰው ከሆነ ግን ማን ማንን ያታልላል? ገበጣና ሰንጠረዥ ሁሉም ነገር ገሃድ ስለሆነ ለብቻ ቢሞከሩ ብዙም አይጎዱም። ውጊያ ግን ያለ ምስጢር ውጊያ አይሆንም።

ይህን ችግር እንደ ካኔ የሚያጎላው የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 በደቡብ ምሥራቅ ኢጣሊያ የተዋጋው የሮማ ጦር፣ ፖሊቢየስ እንደጻፈው፣ 80,000 እግረኛና ከ6,000 በላይ ፈረሰኛ ነበረው። የካርቴጁ ሃኒባል 40,000 ያህል እግረኛና 10,000 ገደማ ፈረሰኛ ይዞ ገጠመው። ጎሎችንና ስፔኖችን በመሐል ወደ ፊት አጉብጦ፣ አፍሪካውያን እግረኞቹን በሁለቱ ጫፎች አቆመ። መሐሉ እየተገፋ ሲያፈገፍግ ሮማውያን ተከትለው ገቡ፤ አፍሪካውያኑ ከግራና ከቀኝ ዞሩባቸው፤ የሮማን ፈረሰኞች ያባረረው የሃኒባል ፈረሰኛ ጦርም ከኋላ ዘጋ። የሮማን ሙታን ፖሊቢየስ ወደ 70,000፣ ሊቪ ወደ 48,000 ያደርሳቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ እያንዳንዱን ጦር በ12 ክፍል በሚወክል ደንብ ቢታሰብ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ ማንሣት ነው።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ሮማን ሲመራ መሐሉን አይገፋም፤ ያን ጊዜ የሚጫወተው ካኔን ሳይሆን ሌላ ውጊያ ነው። አውቆ ወደ ወጥመዱ ከነዳቸው ደግሞ ተውኔት ይሆናል። መፍትሔው የአንዱን ወገን ውሳኔ ከእጅ ማውጣት ነው። ለምሳሌ ጨዋታው ሳይጀመር የሮማ ትእዛዝ በወረቀት ይጻፋል፦ «መሐሉን ግፉ»። በየተራው ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል። ከ1 እስከ 4 ከወጣ ግፊያው ይቀጥላል፤ 5 ከወጣ ሰልፉ ይቆማል፤ 6 ሲወጣ ብቻ የኋላው ረድፍ ፊቱን ያዞራል። ሃኒባልን ተጫዋቹ እንደ ፈቃዱ ይመራል።

በ1990 የወጣው «ዴ ቤሊስ አንቲኲታቲስ» የተባለው ደንብ ለዚህ ይመቻል፤ በየተራው ስንት ክፍል እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ዳይስ ነውና። አንድ ብቻ ሲወጣ ፈረሰኛውን መመለስና መሐሉን ማዳን አብረው አይሆኑም። በእጅ በተያዙ ካርዶች የሚመሩ ጨዋታዎች ይከብዳሉ፤ ለተቃራኒው ወገን ካርዱን ሳያዩ ከክምሩ መምዘዝ ይሻላል።

ዳይሱ የዘፈቀደ ዕድል ብቻ አይደለም። በተጨናነቀው ሰልፍ ውስጥ የነበረው ሮማዊ ከፊቱ ካለው ጀርባ በቀር የሚያየው ጥቂት ነበር፤ ሊቪ እንደሚለው ነፋሱም አቧራውን ወደ ፊቱ ያመጣበት ነበር። ወደ ኋላ የሚዞርበት ትእዛዝ በምን ይደርሰው ነበር? የ1 እስከ 4 ውጤት የሚወክለው ይህንኑ ነው።

ከመጻሕፍቱ ሥዕል ይልቅ በጠረጴዛው ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የሃኒባል አደጋ ነው። ቀጭኑ መሐል ፈረሰኞቹ እስኪመለሱ መቆየት አለበት። ሁለት ተራ ቀድሞ ከተሰበረ አፍሪካውያኑ ዙሪያውን የሚከቡት ጦር አይኖርም፤ ሮማውያን በተከፈተው በር አልፈው ይሄዳሉ።