ጎብኚን የሚያሳድሩ አነስተኛ ወጪ ያላቸው ማረፊያዎች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጫንጮ፣ የጎጃም መንገድ የሚያልፍባትና ወደ ደርባ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ወደ ሙገር ሸለቆና ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚያመሩ ጎብኚዎች መተላለፊያቸው ብትሆንም፣ ርቀቱ በዕለቱ ደርሶ ለመመለስ ስለሚያመች ሳያድሩ የመመለሳቸው ዕድል ሰፊ ነው። ያላደረ መንገደኛ ለአካባቢው የሚተወው ገንዘብ ከምሳና ከሻይ ሒሳብ እምብዛም አይዘልም። ያደረ እንግዳ ግን ለአልጋ፣ ለእራት፣ ለቁርስ፣ ለአስጎብኚና ለጥበቃ ይከፍላል።

እንግዳን ለማሳደር የግድ ትልቅ ሆቴል መገንባት አያስፈልግም። ሪቻርድ ሺርማን የተባሉ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቻቸውን በእግር ይዘው ሲጓዙ ዝናብ ይዟቸው በአንድ ትምህርት ቤት ለማደር ተገደዱ። በዚህ አጋጣሚ የተጸነሰው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1912 በአልቴና ከተማ በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የወጣቶች ማረፊያ እንዲከፈት ምክንያት ሆኗል። በዚህ ዓይነት ማረፊያዎች በርካታ እንግዶች በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ ማብሰያውንና መታጠቢያውንም በጋራ ይጠቀማሉ። በድንኳን ማረፊያዎች ደግሞ የሚከራየው ቦታው ሲሆን፣ ባለቤቱ ውኃና መጸዳጃ ያቀርባል። ዋጋው የሚቀንሰው እንግዳው የተወሰነውን ሥራ ለራሱ ስለሚያከናውን እንጂ ንጽሕና ስለሚጓደል አይደለም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የድንኳን ማረፊያ ሆነው አገልግለዋል። ጎብኚው በደባርቅ በኩል አስጎብኚና ጠባቂ ይዞ የሚገባ በመሆኑ፣ ገቢው ለምግብ አብሳዩና ለበቅሎ አከራዩ ጭምር ይደርሳል። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አርሶ አደሮች በጋራ የሚያስተዳድሯቸው የሣር ክዳን ጎጆዎች ተሠርተው፣ በእግር የሚጓዙ እንግዶች ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ሲያድሩባቸው ቆይተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት የጎብኚዎችን ፍሰት ማስተጓጎሉ፣ ሥራው ያለ ሰላም የማይጸና መሆኑን አሳይቷል።

በጫንጮና አካባቢዋ ጉዳዩ ከመሬት አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የመሬት ፍላጎት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ለቋሚ ግንባታ የዋለ የግጦሽ መስክ ተመልሶ መስክ አይሆንም። ድንኳን ግን ማለዳ ተነቅሎ ይሄዳል፤ መሬቱም ከአርሶ አደሩ እጅ አይወጣም። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት በመሆኑ ለድንኳን አይመችም። ድርቆሹ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ ያሉት የበጋ ወራት ግን ለእንግዳም ለአርሶ አደሩም አመቺ ናቸው። የአካባቢው ወተትም ለእንግዳው ቁርስ ይውላል፤ ለአርሶ አደሩም ተጨማሪ ገበያ ይሆናል።

ይሁንና መስክ ማከራየት ብቻውን ውጤት አያስገኝም። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሊኖር፣ ደረቅ ቆሻሻም ተሰብስቦ ሊወገድ ይገባል። የደጋው ሌሊት ብርዳማ በመሆኑ በቂ ብርድ ልብስ ማቅረብ ያስፈልጋል። በሙገር ሸለቆ አፋፍ ድንኳን የሚተከልበት ስፍራ ከገደሉ የራቀና አስቀድሞ የተለየ መሆን አለበት። መስኩ የጋራ ከሆነም የተጠቃሚዎቹን ስምምነት ማግኘት፣ የአገልግሎቱን ተራና የገቢውን ክፍፍል በጽሑፍ መወሰን ከውዝግብ ያድናል።

በመሆኑም የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች ለአነስተኛ ማረፊያ ፈቃድ ሲሰጡ እንደ ሆቴል የክፍሎችን ብዛት ሳይሆን የውኃውን፣ የንጽሕናውንና የጥበቃውን ሁኔታ ቢመዝኑ ተገቢ ይሆናል። ከባለ ኮከብ ሆቴል ጋር በአንድ መስፈርት የሚለካ አርሶ አደር ከሥራው ውጭ ይሆናል፤ ያለ አንዳች መስፈርት የተተወ ማረፊያም እንግዳውን ዳግመኛ አይመልሰውም።