የማጀቴ ቅቤ ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?

ሰሞኑን በቤታችን ጠብ ያስነሳው ገንዘብ አይደለም፣ ውርስም አይደለም፣ ቅቤ ነው! አዎ፣ አንድ ጣሳ ቅቤ። ሳቁ፣ ምን ቸገራችሁ፤ እኔ ግን በዚህ ጣሳ ምክንያት እንቅልፍ አጥቼ ከርሜያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ (ስሙን አልጠራም፣ ቢያነበው ያኮርፈኛል) እዚሁ አዲስ አበባ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ገና አርባ አልሞላውም። አምና ደረቱን ወጋ ወጋ ሲያደርገው በስንት ልመና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ደሙ ተመረመረና ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል ተባለ። በየማታው የሚዋጥ እንክብል ታዘዘለት፤ ቅባት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ ተብሎ ተመከረ። ሁለት ወር ያህል በሥርዓት ዋጠ። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ቪዲዮ አየ። ሳር ከበላች ላም የተገኘ ቅቤ ለልብ ፍቱን መድኃኒት ነው የሚል ቪዲዮ!

«ይኸውልሽ!» አለኝ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቅኖ። «እማ ከማጀቴ የምትልክልን እኮ ይሄንኑ ነው። ፈረንጅ በውድ የሚገዛውን እኛ በነጻ እያገኘን፣ ምን ቆርጦኝ ነው ኪኒን የምውጠው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ቡናው ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ፍርፍሩ ላይ ሁለት፣ ማታ ሽሮው ላይ ሌላ። እንክብሉ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ስናገረው «አንቺ ደግሞ ያገርሽን ቅቤ ናቅሽ?» ይለኛል። ለመሆኑ ማን ነው ልክ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከብዕሬ በማገኘው የማድር ሰው ነኝ። ባዶ እጅ መከራከር ግን ስለማልወድ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን አነበብኩ፣ በመጨረሻም የቅቤው እናት አገር ድረስ ሄድኩ።

ሳሩ ምን ይሰጣል?

በቅድሚያ እውነቱን ልናገር፤ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ላም የበላችው ነገር ወተቷ ውስጥ ይገባል። እርጥብ ሳር ውስጥ ቤታ ካሮቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ካሮትን ካሮት የሚያስመስለው ቀለም እሱ ነው። ላሚቱ ከፊሉን ወደ ቫይታሚን ኤ ትለውጠዋለች፣ የቀረው ከቅባቱ ጋር አብሮ ይወጣል። የክረምትና የጥቅምት ቅቤ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ያጠረው ሰው ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሕፃን ከሆነ በበሽታ ቶሎ ይጠቃል። ከዚህ ሌላ ሳር የምትበላ ላም ወተት ውስጥ ኦሜጋ 3 የተባለው ጥሩ ቅባት፣ እህልና ፉርሽካ ከምትቀለበዋ ይልቅ በርከት ይላል።

የከተማ ላሞቻችን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። በአውሮፓ ከሚፈቀደው መጠን ያላለፉት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። መርዙ የሚመጣው ከመኖው ነው፤ በተለይ በደንብ ካልተቀመጠ የኑግ ፋጉሎ። እንግዲህ «ላሚቱ ምን በላች?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም ማለት ነው።

«አየሽ! አላልኩሽም?» ይለኛል ወንድሜ ይሄን ሲያነብ። ቆይ፣ አትቸኩል ወንድም ጋሼ!

እማ ጓዳ ውስጥ

ማጀቴን የማታውቁ፣ በደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፋችሁ ካራቆሬ ስትደርሱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ታገኟታላችሁ። ከታች የይፋት ቆላ፣ ከላይ ደጋው፤ እሷ መሐል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጠብቄ በጥቅምት ሄድኩ። ሜዳው አረንጓዴ፣ ማሽላው ያዘለ፣ የእማ ጓዳ ደግሞ በወይራ የታጠነ ቅል ይሸታል።

እማ እርጎውን ንጣ ቅቤውን ስታወጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«እማ፣ ላማችን ምን ትበላለች?»

«ያገኘችውን ነዋ! አሁን ሳር ነው። በጋ ሲሆን የማሽላ አገዳ፣ የጤፍ ጭድ። ሳር ዓመቱን ሙሉ ከየት ይመጣል ልጄ?»

ከዚያ ለጠጉሯ ያስቀመጠችውን የሰኔ ቅቤ አውጥታ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠችልኝ። የጥቅምቱ እንደ እንቁላል አስኳል፣ የሰኔው ነጣ ያለ። ከአንድ ላም፣ ከአንድ ጓዳ የወጡ ሁለት ቅቤዎች! «የገጠር ቅቤ» ማለት ሁልጊዜ «የሳር ቅቤ» ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

«ቅቤስ በቀን ስንት ማንኪያ ትበያለሽ?» አልኳት።

እማ ሳቋ መጣ። «በማንኪያ? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ቅቤ ለገበያ ነው፣ ለአራስ ነው፣ ለዓውዳመት ነው፣ ለራስ ቅባት ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ። እናንተን ያሳደጋችሁ አሬራውና አይቡ ነው። ቅቤውማ ያስተማራችሁ ነው፣ ተሸጦ!»

ዝም አልኩ። ለወንድሜ የምትልከው ጣሳ ከገበያ ገንዘቧ ላይ የሚቀነስ መሆኑን እስከዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከነበሯት ሁለት ላሞች አንዷ ጠፍታባት፣ አሁን ያላት አንዲት ብቻ ናት። ከአንዲት ላም ቀንሳ ነው የምትልክልን!

የወንድሜን መታመም ደብቀናት ነበር። ያን ዕለት ግን ነገርኳት። እማ እጇን ከቅሉ ላይ አንስታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ነኛ ልጄን የማሳምመው?» አለች። ምነው ባልነገርኳት ብዬ ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው

እስቲ አሁን ወንድሜ በሚገባው በሒሳብ እንነጋገር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 14 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 100 ካሎሪ አለው፣ በውስጡም 7 ግራም ገደማ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ቅባት ይገኛል። የተነጠረ ሲሆን ውኃው ስለሚወጣለት ቅባቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ቅባት በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም መሆኑ ነው። እንግዲህ ሦስት ማንኪያ ቅቤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይቆጠር ኮታውን ጨረሰው! የወንድሜ ደግሞ አራት ነው።

ላሚቱ ሳር መብላቷ ይህን ቁጥር ጥቂት ያሻሽለው ይሆናል እንጂ አይገለብጠውም። ኦሜጋ 3ም ቢሆን በቅቤ ውስጥ ጨመረ ቢባል ያው ጥቂት ነው፤ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከብዙ ማንኪያ የሳር ቅቤ ይበልጣል። ቫይታሚን ኤውም እንዲሁ ነው፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ለቀን ከሚያስፈልገን አንድ አሥረኛውን ቢሰጥ ነው። ጎመንና ካሮት በርካሽ ይሰጡናል።

ታዲያ ቅቤ ይቅር? ኧረ በጭራሽ! የጎመኑ ካሮቲን ወደ ሰውነታችን በደንብ የሚገባው ትንሽ ቅባት ሲያገኝ ነው። ጎመኑ ላይ ጠብ የምትለዋ ቅቤ ሥራዋን ትሠራለች። እናቶቻችን ይህን ከላቦራቶሪ ባይማሩትም ጎመን በአይብን ሠርተው አቆይተውልናል።

አይቡስ?

አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሆነ ቅባቱ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ግን ብዙ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 15 ግራም አካባቢ። ለወንድሜ ዓይነቱ ሰው ከቅቤ ይልቅ አይብ ይሻለዋል። ከካልሲየሙ ብዙው ግን ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ፣ አጓቱን ባትደፉት ጥሩ ነው። የሳሩ ቢጫ ሀብትም በአብዛኛው ከቅቤው ጋር ሄዷልና «የሳር አይብ» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቃችሁ ቢኖር ፈገግ በሉና እለፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አይብ በቤት ሲሠራ ለብ ከማለት ብዙም አያልፍም፤ ጥሬ ወተት ውስጥ ያሉ የበሽታ ተሕዋስያን በዚያ ሙቀት ላይሞቱ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እህቶቼ ካልፈላ ወተት ከተሠራ አይብ ተጠንቀቁ።

ለሾላና ለመርካቶ ደንበኞች

ቅቤ ስትገዙ በቢጫነቱ ብቻ አትታለሉ። ቀለም ሊገባበት ይችላል፤ የተነጠረውን ደግሞ እርዱም ያበጫዋል። ነጭ ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ ፍየል ካሮቲኑን ሁሉ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ቅቤዋ ነጭ ነው። ለመሞከር ትንሽ አቅልጡት፤ ሙዝ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ ከልክ ያለፈ ዝቃጭ ይተዋል። በአትክልት ቅባት የተቀላቀለ ግን በዓይን አይለይምና የምታውቁትን ነጋዴ አትልቀቁ። የምትችሉ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ግዙ፤ የሳር ቅቤ የምታገኙት ያኔ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በቪዲዮ ምክንያት አትተዉ። ጥያቄ ካላችሁ ያዘዘላችሁን ሰው ጠይቁ።

ወንድሜስ? እኔ ሳልመለስ እማ ደወለችለት። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ስለነበር ሰምቻለሁ። «ስማ፣ ያ ጣሳ የልጅነትህ ናፍቆት ነው ብዬ የላክሁልህ እንጂ መድኃኒት ነው ብዬ አይደለም። መድኃኒትህን ዋጥ። አልውጥም ካልክ ቅቤዬን ለገበያ አወጣዋለሁ፣ ገንዘቡንም አታየውም!»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ። ውጤቱ ከአምናው ብሶ ነበር፤ እንክብሉን እንደገና ጀመረ። ዛሬ ጣሳው መደርደሪያ ላይ አለ፤ እሑድ እሑድ ጎመኑ ላይ አንዲት የሻይ ማንኪያ ጠብ ይደረጋል። ለእማም በየወሩ የጣሳዋን ዋጋ እንልክላታለን። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። አሁን ግን፣ ሁለተኛ ላም ልትገዛ እያጠራቀመች ነው።